ማስክ እምቢ ያለ ልጅ

ትንሽ ልጅን አስፈራርቶ ማስክ ማስደረግ ይቻላል። «ፖሊስ ይወስድሃል»፣ «ኮሮና ይይዝሃል»፣ «መርፌ ነው የማስወጋህ» ማለት ይበቃል። ልጁ ዓይኑን እያቁለጨለጨ ያደርገዋል፤ ከዓይናችን እንደራቀ ደግሞ አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። በመከራ ያደረገውን ነገር በነፃነት ሊያወልቀው መቸኮሉ የሚያስገርም አይደለም።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ከልብ ስለሚያሳስበኝ ነው። ማስክ የመጣው ልጅን ከበሽታ ለመጠበቅ ነበር፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከማስኩ በፊት ፍርሃቱን አለበስነው። ልጄ ማስክ የለመደው ፍርሃቱ ከፊቱ ከተነሣ በኋላ ነው። እንዴት እንደሆነ ልናገር።

አቡሽ (የቤት ስሙ ነው) ማስክ የሚባለውን ነገር ያወቀው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን ተነገረ፤ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋቂ ይህን ሁሉ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ይሰማል። የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ግን ዜናውን የሚያነበው ከእናቱ ፊት ላይ ነው። ስልክ በደወልን ቁጥር የጥሪው ድምፅ ቀርቶ እጃችሁን ታጠቡ የሚል መልእክት ይመጣል። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ የሚያወጡት ቁጥር ማታ ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የተመረመረ፣ የተያዘ፣ ያገገመ፣ የሞተ። አቡሽ ምንጣፉ ላይ መኪናውን እየነዳ ሁሉንም ይሰማል። ማንም አላብራራለትም ማለት ግን አልሰማም ማለት አይደለም።

ግንቦት ላይ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ማስክ ሳያደርጉ የተገኙ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በፖሊስ መያዛቸው ተነገረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ለልጆች የሚለው ነገር አገኘ። አቡሽ በር ላይ ብቅ ባለ ቁጥር «ማስክህ የት አለ? ፖሊስ መጣልህ!» የሚለው ሰው አይጠፋም። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ልጅ ሲያዩ የሚስሙ፣ ኪሳቸውን ዳብሰው ብስኩት የሚያወጡ ጎረቤቶቼ ናቸው። ሁላችንም ያደግነው በአያ ጅቦ ነው። አልተኛም ያለ ለጅብ ይሰጣል፤ እራቱን የተወ ቆራሌው በጆንያው ይዞት ይሄዳል። ጅቡና ቆራሌው ግን መጥተው ይሄዳሉ፤ ጠዋት ሲነጋ የሉም። ማስኩ ግን የሚያርፈው ልጁ በገዛ ፊቱ ላይ ነው። የፍርሃቱን ምልክት አፍንጫው ላይ አስረን ዘና ብለህ ተጫወት ልንለው አንችልም።

ውጤቱን ያየሁት በአቡሽ አካሄድ ነው። መንገድ ላይ ማስክ ያደረገ ሰው ሲመጣ ከኋላዬ ይደበቅ ጀመር። አንድ ቀን ሱቅ በር ላይ ቆመን ሳለ ቀሚሴን ጎትቶ «ኮሮናው እሱ ሰውዬ ጋ ነው ያለው?» አለኝ። በእሱ ሒሳብ ማስክ ያደረገ ሰው የታመመ ሰው ነው። እንግዲያው እሱም ማስክ ካደረገ ታሟል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ልጁ በራሱ አላመጣውም፤ ከእኛ አፍ የለቀመውን ደምሮ የደረሰበት ነው።

እስከ ክረምቱ ማብቂያ ድረስ ጉዳዩን ሳላጣድፈው ቆየሁ፤ አቡሽም ከቤትና ከግቢ ብዙ አይርቅም ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የኮቪድ መከላከያ መመሪያ ከቤት ውጭ ማስክ ማድረግን ሲያስገድድ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችንና የመተንፈስ ችግር ያለባቸውን አስቀርቷል። አቡሽ ስድስት ዓመት የሞላው በዚያው ሰሞን ነበር፤ አንደኛ ክፍል ሊገባ ነው። ትምህርት ቤቶች ጥቅምት ላይ ደረጃ በደረጃ እንደሚከፈቱ ተነገረ፤ ያለ ማስክ መግባት እንደማይቻልም ጭምር።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ነሐሴ 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ያወጡትን ምክር ያነበብኩት ያኔ ነው። አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ማስክ እንዲያደርጉ መገደድ የለባቸውም ይላል። ከ12 ዓመት ጀምሮ ያሉት እንደ አዋቂ ያድርጉ ይላል። ከ6 እስከ 11 ላሉት ግን አንድ ወጥ ትእዛዝ የለም፤ በአካባቢው ያለው የበሽታው ሥርጭት፣ የልጁ ማስክን በአግባቡ የመጠቀም ችሎታ፣ አጠገቡ የሚረዳው አዋቂ መኖሩ፣ በትምህርቱ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ታይቶ ይወሰን ነው የሚለው። ልቤን ያሳረፈኝ «ችሎታ» የሚለው ሐሳብ ነው። ማስክ ማድረግ የሚለመድ ሥራ ነው። የጫማ ክር ማሰር እንደምናስተምረው ጊዜ ሰጥተን፣ እጁ ላይ እጃችንን አድርገን ልናስተምረው የሚገባ ነው። የጫማ ክር ማሰር ያልቻለ ልጅ ላይ ፖሊስ የሚጠራ ወላጅ የለም።

«ለምን እምቢ ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። የስድስት ዓመት ልጅ ለምን እንደሆነ በቃል ማስቀመጥ አይችልም፤ «አልፈልግም» ይላል፣ በዚያው ያበቃል። እኔ የጠቀመኝ እጁን መከተል ነው። ማስኩ ፊቱ ላይ ባረፈ ቅጽበት እጁ ወዴት ይሄዳል? አፍንጫው ላይ ከሄደ ትንፋሽ ወይም ሽታ ነው። አገጩ ላይ ከሄደ ጨርቁ ረጥቧል። የአቡሽ እጅ ግን በቀጥታ ጆሮው ላይ ነበር የሚያርፈው።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ከመንገድ የተገዛው ማስክ ላስቲክ ለአዋቂ የተለካ ነው፤ ለልጅ እንዲሆን ተብሎ በቋጠሮ አጥሯል። ቋጠሮው ያረፈው ልክ ከጆሮው ጀርባ፣ ቆዳው ስስ በሆነበት ቦታ ነው። ጆሮውን ወደ ፊት አጥፎታል፤ ከጀርባው ቀይ መስመር ሠርቷል። ማስኩ ራሱ ሰፊ ስለሆነ ቀና ባለ ቁጥር ወደ ዓይኑ ይወጣል፤ ሊያወርደው ሲስበው ደግሞ ላስቲኩ የባሰ ይቆርጠዋል። የውስጡ ስፌት አፍንጫው ጫፍ ላይ ይፈትገዋል። ይህን ሁሉ ጆሮዬ ላይ ቢያደርጉብኝ እኔም እምቢ እላለሁ። ልጁ ዓመፀኛ አልነበረም፤ ጆሮውን አሞት ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ በረንዳ ላይ ሲንገሯን ዘርግታ የምትሰፋ ሴት አለች። በዚያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይልቅ ማስክ ነበር ሥራዋ። አቡሽን ይዤ ሄድኩ። ሜትሯን አወጣችና፣ እኔን ሳይሆን እሱን፣ «ና እስቲ አባቴ፣ ፊትህን ልለካው» አለችው። ከአፍንጫው አጥንት እስከ አገጩ ሥር፣ ከአንዱ ጉንጭ እስከ ሌላው። ልክ እንደ ትልቅ ሰው ኮት ሊሰፋለት እንደመጣ ቀጥ ብሎ ቆመላት። ቀጥላ የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቷን ፊቱ ላይ ዘረገፈችለት። ብዙ አገላብጦ አረንጓዴ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበትን መረጠ። ለውስጡ የታጠበ፣ የለሰለሰ አቡጀዲ አደረገችለት፤ ስፌቱንም አፍንጫው ላይ እንዳያርፍ ወደ ውጭ አዞረችው። ላስቲኩን ትታ ከራሱ ጀርባ የሚታሰር ማሰሪያ ሠራችለት፤ ጆሮው ነፃ ወጣ። የሲንገሯን ጎማ በእጁ አንድ ሁለት ጊዜ እንዲያዞር ፈቀደችለት።

ከዚያ ተመልሰን ስንሄድ ማስኩን ፊቱ ላይ አላደረገውም። በእጁ ይዞት ነበር የሚሄደው። አላስቸኮልኩትም። ለኔ ትልቁ ነገር በእጁ መያዙ ነው፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ማስክ ሌላ ሰው ፊቱ ላይ የሚለጥፍበት ነገር ነበር።

ስለ ጨርቁ አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ወላጅ ስለሚጠይቀኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የጨርቅ ማስክ ሦስት ድርብ ቢሆን ይመረጣል ብሏል፤ ከውስጥ እርጥበት የሚመጥ እንደ ጥጥ ያለ፣ መሐሉ የሚያጣራ፣ ከውጭ ውኃ የማያስገባ። ለልጅ ግን ልኩና ምቾቱ ካልተስተካከለ የድርቡ ብዛት ዋጋ የለውም። ሦስት ድርብ ሆኖ ኪስ ውስጥ ከሚውል ማስክ ሁለት ድርብ ሆኖ ፊት ላይ የሚውል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በረኪና የሚሸት ከሆነ ደግሞ የትኛውም ልጅ አያደርገውም፤ በሳሙና ታጥቦ፣ ሽታው እስኪጠፋ ተለቅልቆ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

ቤታችን ውስጥ ከአቡሽ ይልቅ ለማሳመን የከበደችኝ እናቴ ናት። «ይህን የመሰለ ልጅ አፍነሽ ልትገድይው ነው?» ትላለች። ፍርሃቷ የብዙ አያቶች ፍርሃት ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅንጣቶች ከጨርቅ ቀዳዳ እጅግ ያነሱ ስለሆኑ ያለ ችግር ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ጨርቁ የሚይዘው ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጣውን ጠብታ ነው። ይህን ነገርኳት። የምትሠጋበት ትክክለኛ ቦታ እንዳለም አልደበቅኋትም፤ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ለተኛ ልጅ፣ ማስኩን በራሱ እጅ ማውለቅ ለማይችል ልጅ ፈጽሞ አይደረግም። ሲሮጥና ሲጫወት ይወልቅ፤ ጨርቁ ሲረጥብ ይቀየር።

በማብራሪያዬ ብዙም አልተደነቀችም። ይልቅስ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ ብርዱ ስለነበር፣ ነጠላዋን በአፍንጫዋ ላይ እንዳዞረች በር ላይ ብቅ አለች። አቡሽ አያትና «እማማ፣ አንቺም ማስክ አድርገሻል!» አላት። ቆም አለችና ነጠላዋን በእጇ ዳሰሰች። «አዎ የኔ ጌታ፣ እኔ'ማ ከድሮም አደርግ ነበር» አለችው። ከዚያን ቀን በኋላ ነገሩ የእሷ ሆነ። ነፋስ ሲሆን፣ አቧራ ሲሆን፣ መጥፎ ሽታ ሲያልፉ፣ የታመመ ሲጠይቁ በነጠላ ጫፍ አፍንጫን መሸፈን ከእናቶቿ የወረሰችው ልማድ እንደሆነ ለልጁ ነገረችው። እኔ ከመመሪያ ልነግረው የሞከርኩት ነገር በአያቱ ነጠላ ገባው። ማስክ ያደረገ ሰው ሁሉ የታመመ አለመሆኑን ያረጋገጠችለትም እሷ ናት፤ እማማ አልታመመችማ።

ከዚህ በኋላ የቀረው መለማመድ ነበር። መጀመሪያ ማስኩን ያደረገው አንበሳው ነው። አቡሽ የጨርቅ አንበሳ አለው፤ አፍንጫው ረዥም ስለሆነ ማስኩ አይገጥምለትም። «ለእሱ ትንሽ ነው፣ ለእኔ ግን ልክ ነው» ብሎ በመስታወት ፊት አሳየኝ። ወዲያው አወለቀው። እኔም «ጎበዝ!» ብዬ አላጨበጨብኩም። ትልቅ ጭብጨባ ነገሩ ትልቅ መከራ እንደነበር ለልጁ ይነግረዋል ብዬ አስባለሁ። በማግሥቱ ተረት ስነግረው አደረገው፤ ተረቱ ሲያልቅ ወለቀ። የተረቱ ርዝመት የኔ ሥልጣን ስለሆነ ቀስ በቀስ ረዘመ። ማውለቅ በፈለገ ጊዜ ማውለቅ እንደሚችል ማወቁ ለመቆየት ያለውን ትዕግሥት ጨመረለት፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ካራሜላ እየሰጡ ማለማመድን ብዙ ወላጆች ይመክራሉ። እኔ አልወደድኩትም። ጉቦው ሲቆም ማስኩም ይቆማል፤ ካራሜላውን ለመብላትም ማስኩ መውለቅ አለበት።

ያልጠበቅሁት ችግር የፈገግታ ነበር። እኔ ራሴ ማስክ ሳደርግ አቡሽ ፊቱ ይለዋወጣል፤ «ተቆጥተሻል?» ይለኛል። አልተቆጣሁም፤ አፌን ስላላየ ነው። ልጅ የሰውን ስሜት የሚያነበው ከሙሉ ፊት ነው፤ ግማሹ ሲጋረድበት የቀረውን ግማሽ በክፉ ይተረጉመዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ቡና ስታፈላ ጨዋታ ጀመርን። ቡናው እየተቆላ እስከ አቦል ድረስ ሁላችንም ማስክ እናደርጋለን። አንዱ ከማስኩ ሥር ፊቱን ይለዋውጣል፤ ይስቃል፣ ያኮርፋል፣ ይደነግጣል፤ ሌላው ከዓይኑ ብቻ ይገምታል። እናቴ ስትስቅ የዓይኗ ጥግ እንደሚሸበሸብ አቡሽ ያወቀው በዚህ ጨዋታ ነው። አባቱ ደግሞ ሲያኮርፍም ሲስቅም ዓይኑ አንድ ነው፤ ይህም ታወቀ። ከጥቂት ቅዳሜዎች በኋላ ሱቅ ሄደን ባለሱቁን ቀና ብሎ አየና ጆሮዬ ላይ «ስቋል» አለኝ። ሰውዬው በእርግጥም ስቆ ነበር።

ከ2014 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ምዕራብ አፍሪካን ባጠቃው የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ ሜሪ ቤት ሄፈርናን የተባለች አሜሪካዊት አርቲስት ላይቤሪያ ሄዳ የሐኪሞችና የነርሶችን ፈገግ ያለ ፎቶግራፍ አንሥታ በመከላከያ ልብሳቸው ደረት ላይ እንዲለጠፍ አደረገች። ታማሚው ከራስ እስከ እግር በፕላስቲክ የተሸፈነ ፍጡር ሳይሆን የሚስቅ ሰው እንደሚያክመው እንዲያይ ነው። ይህን ሳነብ የመጀመሪያ ክፍል መምህራን ሁሉ ቢያደርጉት ብዬ ተመኘሁ። ለአቡሽ መምህርት ነገርኳት። ፎቶዋን በሰሌዳው ጥግ ለጠፈችው፤ ለልጆቹም «ይህች እኔ ነኝ፣ አሁንም ከዚህ ሥር እንዲህ ነኝ» አለቻቸው። በደንብ የማይሰሙና የከንፈር እንቅስቃሴ አይተው የሚረዱ ልጆች ላሉበት ክፍል ግን ፎቶም አይበቃም፤ ለእነሱ መምህሩ ራቅ ብሎ ቆሞ አፉን ማሳየት፣ ወይም ፊቱ ላይ ግልጽ ፕላስቲክ ያለው ማስክ ማድረግ አለበት።

አንድ ማታ «ማስክን መጀመሪያ ማን አመጣው?» አለኝ። ስለ ዶክተር ዉ ሊየን-ቴ ነገርኩት። ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና ክፍል ማስክ ማድረግ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው፤ በወረርሽኝ ጊዜ ሕዝብ ሁሉ ያድርግ ብለው ከተነሡት ግን እኚህ ከማሌዢያዋ ፔናንግ የተወለዱ ሐኪም ስማቸው ጎልቶ ይነሣል። በ1910 እ.ኤ.አ. ክረምት በሰሜን ምሥራቅ ቻይና ሃርቢን ከተማ የሳንባ ቸነፈር ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። እሳቸው ጥጥ በሻሽ መሐል አድርገው ከራስ ጀርባ የሚታሰር ማስክ አዘጋጁ። «እንደኔው ከጀርባ የሚታሰር?» አለ አቡሽ፤ ከታሪኩ ሁሉ የወደደው ይህንን ነው። ማስክ አላደርግም ብለው በጥቂት ቀናት ውስጥ በበሽታው ስለሞቱት ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ስለ ዶክተር ሜኒ፣ አልነገርኩትም። ያ ታሪክ ለአዋቂ ይጠቅማል። ለስድስት ዓመት ልጅ ብነግረው ኖሮ የጎረቤቶቼን ፖሊስ በሌላ ስም መጥራቴ ነበር።

ትምህርት ተከፈተ። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ በፈረቃ ነበር የሚማሩት። እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ማስክ የሚለዋወጥ የለም፤ የሌላው ልጅ ማስክ ላይ መኪና ካለ መቀያየር ነው። ስለዚህ በማሰሪያው ላይ ስሙን በክር ጠለፍኩለት። ሁለት ከረጢት ያዘ፤ በአንዱ ንጹሕ፣ በሌላው ያገለገለ። መምህርቷ በየመሐሉ ልጆቹን ወደ ግቢው አውጥታ፣ አራርቃ አቁማ ማስክ ታስወልቃቸው ነበር። ያቺ ዕረፍት ለአቡሽ ከክፍለ ጊዜው ሁሉ የተወደደች ነበረች፤ ዕረፍት እንዳለ ስለሚያውቅም ክፍል ውስጥ ታገሠ። በሌላ ትምህርት ቤት ግን ማስክ የጠፋበትን ልጅ ከሰልፍ አውጥተው በልጆች ሁሉ ፊት ሲገሥጹት በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ልጅ ትልቅ ሰው ሆኖም ያስታውሰዋል። አንድ ትርፍ ማስክ በር ላይ ማስቀመጥ ስንት ብር ይፈጃል?

ኅዳር 12 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር ሲታጠን ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ጭሱ በየግቢው ይገባል። እናቴ ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን ካጠቃው የኅዳር በሽታ፣ ዛሬ የስፓኒሽ ፍሉ ከምንለው፣ ጋር እንደሚያያዝ ለአቡሽ ስትነግረው ከቆየች በኋላ፣ እሱ ወደ ውስጥ ገብቶ አረንጓዴ ማስኩን አድርጎ ወጣ። ማንም አላዘዘውም። የጨርቅ ማስክ ጭስን ብዙም እንደማያግድ አውቃለሁ፤ በኋላም ከጭሱ ርቆ ቤት እንዲቀመጥ አድርጌዋለሁ። ማሰሪያውን ግን ከራሱ ጀርባ በራሱ እጅ ነበር ያሰረው።

እኅቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። እዚያ የተሰጠው ምክር ከእኛው የተለየ ነበር፤ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ማስክን ከሁለት ዓመት ጀምሮ ነው የመከሩት። የሦስት ዓመት ልጇ በሕፃናት ማቆያው ቀኑን ሙሉ እንዲያደርግ ተጠይቃ ነበር። በቫይበር ስናወራ ታለቅስ ነበር፤ ሥራ መቅረት አትችልም፣ ልጁ ደግሞ በር ላይ ይጮኻል። እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ያድርግ ማለት ከበድ ያለ ነው ባይ ነኝ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለልጅ አቅም የቀረበ ይመስለኛል። ለእሷ ግን ክርክር አይጠቅማትም። እጁን ተከተዪ አልኳት። የእሱ ሕመም ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ ማስኩ ሲረጥብ ያስጠላዋል። ትርፍ ማስኮች ይዞ ሄደ፣ ተንከባካቢዋም እንድትቀይርለት ተስማማች። ጩኸቱ ቀነሰ።

እጅ ተከትለንም የማንደርስባቸው ልጆች አሉ። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ፊቱ ላይ የሚያርፍ ጨርቅ ሌላው ልጅ ከሚሰማው ፈጽሞ የተለየ፣ አንዳንዴም ከባድ ሕመም ሊሆን ይችላል። በአገራችን ስለ ኦቲዝም በግልጽ እንድንነጋገር ያደረጉን ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፤ የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው ልጆቹ ከተደበቁበት ጓዳ እንዲወጡ ታግለዋል። የእነዚያ ልጆች እናቶች በወረርሽኙ ጊዜ ታክሲ ውስጥ «ልጅሽን ማስክ አታደርጊውም?» የሚል ቁጣ ሲወርድባቸው ነበር። ለእንዲህ ያለው ልጅ ማስክን በደቂቃ ሳይሆን በቅጽበት እየቆጠሩ፣ በሳምንታትና በወራት ማለማመድ ይቻል ይሆናል። ካልተቻለም ማስኩን ሌሎቻችን አድርገን ልጁን እንጠብቀው። እናቱን ማሳቀቅ ማንንም ከበሽታ አላዳነም።

ወረርሽኙ አለፈ ብለን ማስኩን ረሳነው፤ ልጆች ግን ከፊት መሸፈኛ ጋር አልተለያዩም። የወንድሜ ልጅ አራት ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። ሲብስባት ጤና ተቋም ወስደው በኔቡላይዘር ማሽን መድኃኒት ይሰጧታል፤ መድኃኒቱ በጉም መልክ የሚመጣው በፊት ጭምብል ነው። ማሽኑ ይጮኻል፣ ጉሙ ቀዝቃዛ ነው፣ ሁለት ሰው እጇን ይይዛታል። ለእሷም የተባለው ያው ነው፤ «ዝም ካላልሽ መርፌ ነው»። ልጅ ስታለቅስ ደግሞ ትንፋሽዋ ይቆራረጣል፤ ወደ ሳንባዋ የሚገባው መድኃኒት በጣም ይቀንሳል። ማስፈራሪያው ሕክምናውን ራሱን ያበላሸዋል ማለት ነው።

ወንድሜ ስልክ ደውሎ ምን ላድርግ ሲለኝ የነገርኩት ይህን ነው። በደህናዋ ቀን፣ ሳይብስባት፣ ባዶውን ጭምብል ቤት ይዘህላት ግባ። አሻንጉሊቷ ላይ ታድርገው፤ አንተም አድርገው። ማሽኑ ካላችሁ ያለ መድኃኒት አስነሥታችሁ ድምፁን ትስማው። ጤና ተቋም ስትደርሱ ነርሷን በትሕትና ጠይቅ፤ «መጀመሪያ በእጇ ትያዘው፣ ራሷ ወደ ፊቷ ታምጣው» በላት። ጭን ላይ አስቀምጣት፣ ጀርባዋ ደረትህ ላይ ይሁን፣ የምትወደውን ተረት ጀምርላት። ሁኔታዋ አስቸኳይ ከሆነ ግን ለዚህ ሁሉ ጊዜ አትፈልግ፤ ሐኪሙ የሚለውን አድርግ፣ ማባበሉ በኋላ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሜ ነግሬዋለሁ። ስለምታለቅስ ብለው ጭምብሉን ከፊቷ ራቅ አድርገው ጉሙን ብቻ እንዲነፉባት አይፍቀድ፤ መድኃኒቱ አየር ላይ ይቀራል። ጠርዙ ከጉንጯ ጋር መግጠም አለበት። ለልጅ የሚሆን ትንሽ ጭምብል ከሌለ ይጠይቅ፣ ከተቻለም የራሷን ገዝቶ በቦርሳዋ ይያዝላት።